ራሙን የበላው ማን ነው?

ሰኞ

ጠዋት ሙሉ የቆረጥኩት ድምፅ ድራሹ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ስታክ አደረገ። ማውሱን ባንቀሳቅስ የለም፣ ኪቦርዱን ብደበድብ የለም። አጥፍቼ ሳበራው ከጥሬው ቅጂ በቀር ምንም አልተረፈም።

ቅጂው የአስያ ነው። በሬዲዮ ጣቢያችን የበርታኛ ቋንቋ ፕሮግራም አቅራቢ ናት። በዚህ ዝናብ በየመንደሩ ዞራ እናቶችን ስለ ወባ አነጋግራ መጣች። ድምፁን ቆርጬ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ዓርብ መተላለፍ አለበት፤ ቅዳሜ ጤና ባለሙያዎች ገበያው ላይ ሕፃናትን ሊመረምሩ ይመጣሉ። ሬዲዮ ያልነገራት እናት ከማን ትሰማለች?

ጥፋቱ የራም ነው። ኮምፒውተሩ ሥራውን የሚዘረጋበት ሚሞሪ ጠቦታል፤ ሁለት ነገር ከከፈትኩበት ያቃስታል። ድሮም አርጅቷል፣ ግን እንዲህ አልነበረም። አምና "ጥገና" ተብሎ ሄዶ ከተመለሰ ወዲህ ነው። ነገ እከፍተዋለሁ።

ማክሰኞ

ከፈትኩት። ምነው ባልከፈትኩት!

በረሮ። የሞተም፣ ያልሞተም። ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ፤ አንዱ እጅጌዬ ውስጥ ገባ፤ ጩኸቴን ለቀቅኩት። ማራገቢያው በአቧራና በፀጉር ተጠቅጥቋል። ፀጉሩ የማን እንደሆነ ማወቅ አልፈልግም። ጥግ ላይ እንሽላሊት ደርቃ ከሽቦ ጋር ተጣብቃለች። አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ በቀለም ብሩሽ ጠረግኩት።

በረሮው ግን ከሰው ይሻላል። ራም የሚሰካባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፤ አንዱ ባዶ ነው። ሁለት እንደነበሩ አውቃለሁ። "ጥገናው" ላይ አንዱን ነቅለው በልተውታል። በረሮ እንኳ ያልበላውን!

ለንብረት ክፍሉ ኃላፊ ለአቶ መኮንን ነገርኩት። በቆሎ እሸት እየጋጠ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየኝ። "ማን ክፈቺው አለሽ? የመሥሪያ ቤት ንብረት እኮ ነው" አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ግልገል በለስ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስልክ አያነሱም።

ረቡዕ

ከራሴ ኪስ ልግዛ ብዬ ገበያ ወጣሁ። ሻጩ አዲስ ዓይነት ራም አወጣልኝ። የእኛ የድሮ ነው፤ ከታች ያለው ክፍተት ቦታው ይለያል፣ አይገጥምም። ለናሙና ነቅዬ የያዝኩትን የእኛን ከእሱ ጎን አድርጌ ሳሳየው "ጫን ስትዪው ይገባል" አለኝ። ጫን ስትዪው! ይሄን ለስንቱ ብሎ ይሆን? የድሮውን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይቻላል አለ። መቼ ይደርሳል? እሱን አንድ አምላክ ያውቃል።

ከሰዓት ብዙ ለምኜ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ተቀበልኩ። የተበላሹ ኮምፒውተሮች እዚያ ተከምረዋል። የሌሊት ወፍ ኩስ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። አንዱን ፈታሁ፣ ባዶ። ሌላውን፣ ባዶ። ሁሉም ሆዳቸው ተዘርግፏል፤ ራም የለ፣ ሃርድ ዲስክ የለ። የንብረት ቁጥሩ ግን ውጪው ላይ በሥርዓት ተለጥፏል።

"ሲመጡም እንዲሁ ነበሩ" አለ አቶ መኮንን። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ። አልለቀቀኝም። የሌሊት ወፉ ብቻ አይመስለኝም የሸተተኝ።

ለአስያ መንገሩ ከበደኝ፤ ነገርኳት። "ቅዳሜ እኮ ሰዎቹ ይመጣል" አለች በዚያ ሰባራ አማርኛዋ።

ሐሙስ

አስያ በዝናብ ርሳ ገባች። ቦርሳዋን ከፍታ በሻርፕ የተጠቀለለ ነገር ዘረጋችልኝ። ራም! ያውም የድሮው! ባሏ ከቤታቸው ኮምፒውተር ነቅሎላት ነው። ልጆቿ ፊልም የሚያዩበት፣ ትልቋ ለፈተና የምታጠናበት ኮምፒውተር።

"ወላሂ እህቴ፣ ልጆቹ በጣም ተቆጣብኝ" አለች። "እሺ ይቆጣ። ልጅ የታመመበት እናት አለ።"

ሰሞኑን ሰው አስጠልቶኝ ነበር።

ሰክቼ ሳበራው ጢጥ ጢጥ እያለ ጮኸ፤ ስክሪኑ ድርግም። እኔና እሷ ተያየን። ነቀልኩት፣ የብረት ጥርሱን በላጲስ አሸሁት፣ መልሼ ጫን አደረግኩት። ቀጭ አለ። በራ! ሁለቱም ራሞች ታዩ። አስያ እልል ልትል ስትል መብራት እንዳይሄድብን ፈርቼ "ቆይ፣ እንጨርስ" አልኳት። ሲመሽ ጨረስን። አጎበሯን የችግኝ አጥር አድርጋ ልጇ የታመመባት ሴት የምትናገርበት ቦታ ላይ አስያ ፊቷን አዞረች። በርታኛ አልችልም፤ የሚባለውንም የት እንደምቆርጥም የምትነግረኝ አስያ ናት። ድምፁን ግን እንዳለ ተውኩት፣ ትንፋሿንም አልቆረጥኩም።

ዓርብ

አቶ መኮንን የንብረት ቁጥር ወረቀትና ማጣበቂያ ይዞ መጣ። "ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ይመዝገብ።"

የአስያን ራም! ግምጃ ቤት ሙሉ ሲዘረፍ ያላየ ዓይን ይህችን ጣት የምታህል ነገር አየ። አንገሸገሸኝ። አፌ ላይ የመጣውን እዚህም አልጽፈውም።

"የሰው ነው" አልኩት።

"እንግዲያው ይውጣ።"

ፕሮግራሙን ለማሰራጫ ክፍሉ ሰጠሁ። ተመልሼ ኮምፒውተሩን አጠፋሁ፣ እሱ ቆሞ እያየ ራሙን ነቀልኩና አስያ እጅ ላይ አኖርኩት። ማጣበቂያውን እንደያዘ ሄደ።

ማምሻውን ተላለፈ። መብራት አልሄደም።

ቅዳሜ

ገበያ ወረድኩ። የጤና ባለሙያዎቹ ድንኳን ፊት ልጅ ያዘሉ ሴቶች ጭቃው ላይ ተሰልፈዋል። ሁሉም በሬዲዮ ሰምተው ይሁን አላውቅም። አንዷ ግን አስያ ስታወራ ሰምታ ዞር አለች፤ ክንዷን ይዛ ብዙ ነገር በበርታኛ ነገረቻት። "በድምፄ አወቀችኝ" አለችኝ አስያ። ሻርፗን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገችው።

ተስማምተናል፤ ከሰኞ ጀምሮ ራሙን ጠዋት ታመጣዋለች፣ ሲመሽ ይዛው ትገባለች። ቀን ለእኛ፣ ማታ ለልጆቿ። በየቀኑ እየተነቀለ እየተሰካ እስከ መቼ ይቆያል? እኔ እንጃ።

ዝናብ ከሆነ በፌስታል ጠቅልዪው አልኳት።