ሙሉጌጥ የምትባል ሴት እዚህ የለችም

ሀዋሳ፣ መናኸሪያ
የካቲት 11 ቀን

ውድ ሳያት፣

ይህን ደብዳቤ ስትከፍቺ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው እኔን እንደሆነ አውቃለሁ። «ያ ሰው ሽማግሌውን አግኝቶ፣ አስፈራርቶ ወይም አታልሎ አስጻፈው» ትያለሽ። ስለዚህ ከሰላምታ በፊት ማስረጃዬን ላቅርብ። በረንዳዬ ላይ ፊደል በቆጠርሽበት ክረምት፣ ያለ እኔ እርዳታ የጻፍሽው የመጀመሪያው ነገር ስምሽ አልነበረም። ከቧንቧው ሥር ባለው ሰማያዊ በርሜል ላይ በከሰል «ዛሬም ውሃ የለም» ብለሽ ጻፍሽ። እኔ ስስቅ፣ «ምን ያስቅዎታል የኔታ? ውሸት ጻፍኩ?» አልሽኝ። ይህን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ጽሑፍሽ ዛሬም አለ፤ በርሜሉን የሚያጥቡትን ሁሉ በዚያ በኩል እንዳይነኩት አስጠንቅቄያለሁ።

የት እንዳለሽ አላውቅም። ጓደኛሽ ኑሪያ ግን እንደምታውቅ እጠረጥራለሁ። ስጠይቃት ጫማዬን እያየች፣ «እኔ ምን አውቄ ጋሼ፣ አገሩ ሰፊ ነው» ትለኛለች። ትናንት ከግቢው ልትወጣ ስትል ግን በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «ደብዳቤ ከጻፉ… እንዲያው ከጻፉ ማለቴ ነው፣ መንገደኛ አይጠፋም» አለችኝ። እኔ እሷን ስጠረጥር እሷም እኔን ስትጠረጥር ወራት አለፉ። በፖስታው ላይ ስም አልጻፍኩም። አንቺም ለማንም አታስነብቢ፤ ራስሽ ታነቢዋለሽ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የዛሬ አራት ዓመት የጓሮውን ክፍል ልትከራዪ ስትመጪ አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመንሽኝ። «ቡና ቤት ውስጥ ሳያት ነኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ሙሉጌጥ ነው። በዚያ ስም የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ግን፣ ሙሉጌጥ የምትባል ሴት እዚህ የለችም ይበሉልኝ።» ይህን ስትዪ ነጠላሽን ሳብ አድርገሽ የትከሻሽን ጠባሳ ሸፈንሽው። ጠባሳውን ያኖረብሽን ሰው ስሙን አልጠራሽም፤ «ያ ሰው» አልሽ። ቃል ገባሁልሽ።

ቃል መጠበቅ ለእኔ የቆየ ሙያ ነው። ሀዋሳ ገና ዛፏ ከቤቷ በሚበዛበት ዘመን፣ ወጣት የአማርኛ መምህር ሆኜ እዚህ ስመጣ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ እቀመጥ ነበር። ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ደብዳቤያቸውን ይዘው ይመጡና እንዳነብላቸው ይለምኑኛል። አንድ ቀን ለአንዲት ሴት፣ ባሏ ሌላ ማግባቱን የሚነግራትን ደብዳቤ አነበብኩላት። እንደተጻፈ ጨረስኩት። እንባዋን በመቀነቷ ጠርጋ፣ «እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ ፊተኛው አንባቢ እያሳመረ ነበር የሚያነብልኝ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ቃል ላይ የራሴን አንድ ቃል ጨምሬ አላውቅም ብዬ ስኮራ ኖርኩ። እስከ ባለፈው ኅዳር ድረስ።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ከምሳ በኋላ፣ ስልኬ ጮኸ።

«ሄሎ፣ ሙሉጌጥን ፈልጌ ነበር።»

«ማን ልበል?»

«ሐዳሳ እባላለሁ። ታውቀኛለች።»

«ከየት ነው የምትደውዪው?»

«እሱን ለእሷ ብነግራት ይሻላል፣ አባቴ።»

«ሙሉጌጥ የምትባል ሴት እዚህ የለችም» ብዬ ዘጋሁት። ድምፅዋ ትሕትና የተሞላ ነበር፤ ትሕትናው ራሱ አስጠረጠረኝ። ስልክ ቁጥሬንስ ከየት አመጣችው?

ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ደወለች። ስክዳት ከጀርባዋ የአንድ ወንድ ድምፅ፣ «አገኘሻት? ካገኘሻት እንዳትለቂያት!» ሲል ሰማሁ። በሦስተኛው ደግሞ፣ «አባቴ፣ ምናልባት ካገኟት ብቻዋን ትምጣ ይበሉልኝ። ሰው አስከትላ ባትመጣ ነው የሚሻለው» አለችኝ። ብቻዋን! ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ያስፈልግ ነበር? ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ሲክድ ዶሮ ጮኾለታል። ለእኔ የጮኸልኝ አልነበረም።

ያን ቀን ከሰዓት ልብስሽን ስታሰጪ ጠራሁሽ። የነገርኩሽን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ደርሰውብሻል። ስልኬን አግኝተውታል። ሴት አስደውለው ያፈላልጉሻል፤ ከጀርባዋ ያለው እሱ ነው።»

ፊትሽ አመድ መሰለ። «ድምፁን ሰሙት የኔታ?»

«ሰማሁት» አልኩሽ።

ሳያት፣ የሰማሁት የአንድ ወንድ ድምፅ ነው። «እሱ» የሚለውን ከየት አመጣሁት? ሐዳሳ የሚለውን ስም እንኳ አልነገርኩሽም፤ ፈጥራው ነው ብዬ ዘለልኩት። ብነግርሽ ኖሮ፣ «ውይ የኔታ! የጤና ጣቢያዋ ሲስተር እኮ ናት!» ብለሽ ትስቂብኝ ነበር። የሰማሁትን ሳይሆን የጠረጠርኩትን ነገርኩሽ። በማግስቱ ጠዋት ልብስሽን ከነእርጥቡ ሰብስበሽ፣ ሲም ካርድሽን ሰብረሽ ሄድሽ። ሳትሰናበቺኝ በመሄድሽም ተቀየምኩ። እኔን ደግሞ ምን ጠረጠረችኝ ብዬ!

ነገሩ የተገለጠልኝ በጥር ወር ነው። ኑሪያ የግቢዬን በር አንኳኩታ ገባች።

«ጋሼ፣ ሳያትን ጤና ጣቢያ እየፈለጓት ነው። በእርስዎ ስልክ ሦስቴ ደውለው አንድ ሽማግሌ የለችም አሉን ይላሉ።»

«በእኔ ስልክ? ስልኬን ማን ሰጣቸው?»

«እሷ ነቻ! የእኛ ስልክ ዛሬ አለ ነገ የለም። የማይጠፋ ቁጥር አምጡ ሲሉን የእርስዎን ሰጠች። የኔታ ካልታመኑ ማን ይታመናል አለች።» ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «የተማረ ሰው ሲጠረጥር ደግሞ አያድርስ!» አለች።

መስቀል ሰሞን ሁለታችሁም ለማህፀን በር ምርመራ ሄዳችሁ ኖሯል። ከአንቺ ይህን አለመስማቴ አይገርመኝም፤ ለሽማግሌ የሚነገር አይደለም። ለካርዱ እናትሽ ያወጣችልሽን ስም እንደሰጠሽ ስሰማ ግን አንገቴን ደፋሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ያን ስም አምነሽ ያወጣሽው ለእኔና ለእነሱ ብቻ ነው።

በማግስቱ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ስደርስ አንድ ሰውዬ ለባልደረባው፣ «ካገኘሻት እንዳትለቂያት! ከቀጠሮ የቀሩትን ዛሬ እንጨርሳለን» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ያው ድምፅ ነበር። መዝገብ ያቀፈ፣ መነጽሩን በክር ያንጠለጠለ፣ ደግ የሚመስል ሰው። ለሁለት ወር በሐሳቤ ቢላ አስይዤው የኖርኩት እሱን ነው።

ሲስተር ሐዳሳ ገና ልጅ ናት። ከጤና ጣቢያ እንደምትደውል ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት።

«አከራይ ስልኩን ሲያነሳ ከጤና ጣቢያ ነው ካልን፣ በሽታ አለባት ብሎ ዕቃዋን ሜዳ የሚጥል አለ። ደርሶብናል። እርስዎንም ጠርጥሬ ነበር፣ አባቴ።»

ሁለታችንም አንቺን ልንጠብቅሽ ስንል በመካከላችን ጣልንሽ።

ውጤትሽን ጠየቅኳት። «የወለዷት አባቷ ቢሆኑም አልነግርዎትም» አለችኝ። ተናደድኩ፤ ቆይቶም አከበርኳት። ስለ በሽታው በጠቅላላው ስጠይቃት ግን በትዕግሥት አስረዳችኝ። ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው። በግንኙነት ይተላለፋል፤ ኮንዶም አደጋውን ቢቀንሰውም ፈጽሞ አይከለክለውም። ብዙ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ይይዘዋል፣ ከአብዛኛው ሰውም በራሱ ይጠፋል። ከአንዳንዷ ሴት ግን አይጠፋም፤ ማህፀን በር ላይ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይኖርና ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ቀድሞ ከተገኘ በቀላሉ ይታከማል። ስለዚህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የአንቺም አይደለም። እኔ ድምፅ ያለውን ሁሉ ስጠረጥር ልጠረጥረው የሚገባኝ ይህን ዝምተኛ ነበር።

የቀረውን የነገረችኝ ኑሪያ ናት። እሷም ተጠርታ ሄዳለች። «ማህፀን ያወጣሉ ሲሉን አልነበር? ውሸት ነው በሏት! ኮምጣጤ መሳይ ነገር ቀብተው አዩኝ፣ ነጭ ምልክት ታየ፣ በሙቀት ነካ አደረጉት፣ አለቀ። ማኪያቶ አዘው እስኪመጣልዎት አይፈጅም። ውጤቱ ደህና ለሆነ ሰው ደግሞ ሦስቴ አይደወልም፣ ጋሼ።» ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለወንድ አይነገርም ነበር። ከሥራ በኋላ ደም እንደሚታያት ነግራኛለች። ይህን ለሲስተር ስነግራት ደነገጠች።»

ስለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ደሙን ችላ አትበዪው። ዛሬ ነገ አትበዪ። ወደ ሀዋሳ መመለስ ከፈራሽ ባለሽበት ከተማ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂጂ። ሲስተር ሐዳሳ ለአንቺ የጻፈችውን ወረቀት አሽጋ ሰጥታኛለች፤ ከዚህ ጋር ታገኚዋለሽ፤ ለዚያው ለሚያክምሽ ሰው ታሳዪዋለሽ። አልከፈትኩትም። ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቼ አላየሁትም ብል ግን ዋሽቼሻለሁ፤ አይቼዋለሁ፣ ወረቀቱ ወፍራም ነው።

ስለዚያ ሰው ደግሞ የማውቀውን ብቻ ልንገርሽ። እስከ ዛሬ ድረስ ከሲስተር ሐዳሳ በቀር እናትሽ ባወጣችልሽ ስም የጠየቀኝ የለም። አይመጣም ማለቴ አይደለም፤ እሱን አላውቅም፤ የማላውቀውን አልጨምርም።

የጓሮው ክፍል ቁልፍ በቦታው ተንጠልጥሏል። ውሃ ትናንት መጥቶ ነበር፣ ዛሬ ግን የለም፤ የበርሜልሽ ጽሑፍ እውነቱን እየተናገረ ነው። ይህን ፖስታ ለኑሪያ ስሰጣት እንደገና እጠረጥራለሁ፤ መንገደኛው ይጥለው ይሆን፣ ሌላ ሰው ይከፍተው ይሆን፣ አንቺስ ሳታነቢ ትቀዳድጂው ይሆን እያልኩ። ይህ አመሌ በዚህ ዕድሜ አይለቀኝም። ያጠፋሁትን ግን በአንድ ነገር ልታቀልዪልኝ ትችያለሽ።

መልስ ላኪልኝ። ረጅም አታድርጊው። በታከምሽ ቀን «ሄድኩ» የሚል አንድ ቃል በራስሽ እጅ ጻፊልኝ፤ እጅሽን አውቀዋለሁ። ሲደርሰኝ በረንዳው ላይ ተቀምጬ፣ እንደ ፖስታ ቤቱ ዘመን ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንደተጻፈው አነበዋለሁ። አንድም ቃል አልጨምርበትም።

የኔታሽ
ክብሩ