ገጽ ሰማንያ ላይ ያለው ሙዚየም

መጽሐፍ ሻጩ ወዳጄ፣ እንደምን ከረምክ?

«ዓይንህን ጨፍነህ እመነው» ብለህ የሸጥክልኝ የመንገደኛ መምሪያ ጉድ ሠራኝ። ገጽ ሰማንያ ላይ ያለውን ሙዚየም ልይ ብዬ በሩን ገፍቼ ገባሁ። መጽሐፉ የሚያወድሰው የሰም ሽማግሌ እውነትም ወንበር ላይ ተቀምጧል። አሠራሩ ገርሞኝ ጢሙን ነካ ባደርገው አስነጠሰ!

«ሙዚየሙ ከተዘጋ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እኛ ተከራዮች ነን» አሉኝ ሽማግሌው። እኔስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? መጽሐፉን ገልጬ ተከራከርኳቸው! ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «ኧረ ያስጎብኙትና እንገላገል፤ መጽሐፍ የያዘ ሰው በነገር አይመለስም» አሏቸው። ሽማግሌው እየተነጫነጩ ሶፋውን፣ ቁም ሳጥኑንና የልጃቸውን የምረቃ ፎቶ አስጎበኙኝ።

እኛ ሰፈርም ባለሱቁን መንገድ ብትጠይቀው ያሳስትሃል፤ ግን ገጽ አይጠቅስም።

የምጽፍበት ፖስታ ካርድ ቦታው ሊያልቅብኝ ነው። የእትዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ ልጆቹንም አገላብጠህ ሳምልኝ። በሚቀጥለው ወር ወደዚህ ከተማ ስትመጣ ያንተን የመምሪያውን ቅጂ እዚያው ሱቅህ ተወው። አላምንም ካልክ ግን ሐሙስ እንዳትሄድ፤ ሙዚየሙ ዝግ ነው፤ ልብስ ያጥባሉ።