የወንድሜ መጽሐፍ በየቡ ኬላ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

እምቢ አልኩት። አፌ ቀደመኝ።

ጓድ ታፈሰ የትምህርት ቤታችን የወጣት ማኅበር ተጠሪ ነው። ፈተና የሚባዛበት ማሽን ቁልፍ ከኪሱ አይወጣም። የወንድሜን የግርማን ልቦለድ፣ «ሰባተኛው ጆንያ»ን፣ ሁለቱንም ደብተር ሳምንት ሙሉ ይዞ ከረመ። ዛሬ ጠራኝና፣ «ልብ ይሰቅላል፤ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ነው ያነበብኩት» አለ። ደስ ሊለኝ ሲል መጨረሻውን አነሳ። እዚያ ላይ መርማሪው የቡና ኮንትሮባንዱን አለቃ ይይዛል፤ አንድ ጆንያ ይዛ የተገኘችውን ባል የሞተባት ሴት ግን ይለቃታል።

«የአብዮቱ መርማሪ ኮንትሮባንዲስት አይለቅም። ትታሰር። ሁለት ገጽ ናት፣ አስተካክላት፤ መቶ ቅጂ አወጣልሃለሁ።»

«ደራሲው ሞቷል፣ ጓድ። ማን ያስተካክለዋል?»

«አንተ አለህ አይደል?»

«እኔ አልጻፍኩትም። እምቢ።»

ደብተሮቹን ወረወረልኝ። ያለ ፈቃድ አንድ ቅጂ ወጥቶ ካገኘ ትምህርቴን እንድረሳው ነገረኝ። መቶ ቅጂ! እስከ ቤት ድረስ መቶ፣ መቶ እያልኩ ሄድኩ። ግን ሴትየዋን አላሳስራትም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

መርዶው ከመጣ ዛሬ ሁለት ወር ከአራት ቀን። ግርማ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ከሰሜን አልተመለሰም። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም። ፎቶግራፉን ወንበር ላይ አስቀምጠን ነው ያለቀስነው። እማዬ ደብተሮቹን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ፣ «የልጄ እጅ ነው፣ ከዚህ ቤት አይወጣም» ብላ ነበር። እኔ ነኝ ከፍቼ ያወጣኋቸው። በቦታቸው የራሴን የታሪክ ደብተሮች አስቀመጥኩ። ማንበብ ስለማትችል አታውቅም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ለነጃት ሁሉንም ነገርኳት። አብራኝ ነው የምትማረው። «ማሽን ምን ያስለምንሃል? ካርቦን የለም እንዴ?» አለች።

እውነቷን ነው። ስድስት ምዕራፍ፣ ስድስት ሰው። ወረቀት፣ ካርቦን፣ ወረቀት፣ ካርቦን፤ ጠንክሮ ለጻፈ በአንዴ አራት ይወጣል። ሦስት ጊዜ ብንደግመው አሥራ ሁለት።

ያለን፦ ካርቦን (ከነጃት አጎት ሱቅ)፣ የደብተር ወረቀት፣ ስክሪብቶ፣ አምስት እምነት የሚጣልባቸው ልጆች። ከአምስቱ ከድርን እጠራጠረዋለሁ። ግን እጅ ጽሑፉ ያምራል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11

ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ የነጃት አባት የአባ ኦሊ ሱቅ። አባ ኦሊ የተቀደደ ጆንያ ይሰፋሉ። እኛ ከጆንያ ክምሩ ጀርባ ተቀምጠን እንገለብጣለን። ጣቴ አብጧል። አራተኛው ቅጂ ደብዛዛ ነው፤ ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው ያንብበው።

ከድርን መጠርጠሬ ልክ ነበር። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሁለት የሽጉጥ ተኩስ ጨምሮበታል።

«ቀዝቅዞ ነበር፣ ላሙቀው ብዬ ነው» አለኝ።

«ከጓድ ታፈሰ በምን ተለየህ?»

ፊቱ ጠቆረ። ግን ቁጭ ብሎ እንደገና ጻፈው።

አባ ኦሊ በጆንያ መርፌና በሲባጎ ጠረዙልን። ሽፋኑ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ነው። «ይሄ ስፌት ኩንታል ቡና ይሸከማል። የናንተን ወሬ ያቅተዋል ብለህ ነው?» አሉ። አመሰገንኳቸው። «ቶሌ፣ ቶሌ፣ እሺ፤ አላህ ለወንድምህ ይዘንለት» ብለው ወደ ጆንያቸው ዞሩ።

በእያንዳንዱ ሽፋን ላይ የግርማን ስም ከነአባታችን ስም ራሴ ጻፍኩ። አሥራ ሁለት ጊዜ። ደብተሮቹን ሳጥኑ ውስጥ መለስኩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ሞኝ። ሞኝ። ሞኝ።

ቅጂዎቹን ወደ የቡ ከተማ መውሰድ ነበረብኝ። ከግርማ ጋር ያስተምር የነበረው መምህር አበራ እዚያ ነው፤ ለአንባቢ አዳርሳለሁ ብሎኛል። እዚህ ጅማ ከጓድ ታፈሰ ዓይን ሥር አይቀመጡም። ሰው እንዳያያቸው ዘንቢል ውስጥ ከተትኳቸውና ላያቸው ላይ ያልተፈለፈለ ቡና ሞላሁበት። ልቦለድ ውስጥ ያለሁ መስሎኝ።

ኬላው ላይ መኪናው ቆመ። ወጣቱ ጠባቂ ዘንቢሉን ገልጦ አየ።

«ወዴት ነህ?»

«የቡ።»

«ቡና ይዘህ? ወደ የቡ?» ጓደኛውን ጠራ። «ና እይ፣ ወደ ወንዝ ውሃ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው መጥቷል!»

መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀብኝ። ቡናው ከየቡ ወደ ጅማ ነው የሚመጣው፤ ያውም ያለ ፈቃድ ከተገኘ ይወረሳል። ይህን ረስቼ ኬላ የደረስኩ የጅማ ልጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ቡናው ባይኖር ወረቀቱን ማንም አይፈትሽም ነበር። ጠባቂው ዘንቢሉን ሲደፋው ግርማ አሥራ ሁለት ጊዜ መሬት ወደቀ።

የኬላው ሹም፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው፣ አንዱን አንስተው ቆመው አንድ ገጽ አነበቡ።

«ማን ጻፈው?»

«ወንድሜ።»

«የት ነው ያለው?»

«ከሰሜን አልተመለሰም።»

ቅጂዎቹን ሰብስበው ወደ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ፣ «ሰኞ ከቀበሌ ወረቀት ይዘህ ና» አሉኝ። ቀበሌው የወጣት ማኅበሩን ሳይጠይቅ ወረቀት አይሰጥም፤ ልጠይቅ ማለት ለጓድ ታፈሰ ሄጄ መናገር ማለት ነው። በእግሬ ተመለስኩ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ለእማዬ ነገርኳት። ሌላ መንገድ አጣሁ።

«ሳጥኔን ከፈትክ?»

«አዎ።»

«ሌላ ደብተር አስቀመጥክልኝ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

በጥፊ የምትለኝ መስሎኝ ነበር። ጥቁር ነጠላዋን አስተካከለች። «ስሙ አለበት?» አለች።

«አለበት። ከነአባቱ።»

«እና አሁን ኬላ ላይ ነው ያለው? ሜዳ ላይ?»



ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ጠዋት ስነሳ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማ ነበር።

አብረን ኬላው ሄድን። ሹሙ ገና ሲያዩን፣ «የቀበሌውን ወረቀት አመጣችሁ?» አሉ።

«ወረቀቱማ እናንተ ጋ ነው ያለው» አለች እማዬ።

«እናቴ፣ ደንብ ነው።»

«ልጄን ስትወስዱ ደንብ ነው ብላችሁ ዝም አልኩ። ሬሳውን አላየሁም። ይሄን ሳልይዝ ግን ከዚህ አልነቃነቅም።»

መኪና በሚያስቆሙበት ገመድ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። አንድ አይሱዙ መጥቶ ቆመ፤ ከኋላው ሌላ። ሾፌሮቹ ወርደው ይጠይቃሉ፣ ሰው ይነግራቸዋል። አንዲት የገበያ ሴትዮ መጥታ ምንም ሳትናገር አጠገቧ ቁጭ አለች። እኔም ተቀመጥኩ። 

ሹሙ ገብተው በክንዳቸው ታቅፈው አመጡልን። ቆጠርኩ።

«አሥር ናቸው። አሥራ ሁለት ነበሩ።»

ዘወር ብለው አዩ። ያ የሳቀብኝ ጠባቂና ጓደኛው በር ላይ ተደግፈው ያነብባሉ፤ ቀና እንኳ አላሉም። «ሐሙስ ኑ፣ አልጨረሱም» አሉ። ከዚያ ዝቅ ብለው፣ «መዝገቤ ላይ የሰፈረው ቡና ብቻ ነው። ቡናው ተወርሷል» አሉኝ።

ወደ ጅማ የሚመለስ መኪና ለማስቆም መንገዱን ተሻገርኩ። ዞር ስል እማዬ ወዲያ ማዶ፣ ወደ የቡ በሚሄደው በኩል ቆማለች።

«ምን ትጎለታለህ? ተሸከም እንጂ!»

አሁን የምጽፈው ከመምህር አበራ ቤት ነው። እማዬ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እያስነበበችው ነው፤ በየመስመሩ፣ «ቆይ፣ ቀስ በል» ትለዋለች። ዛሬ ከትምህርት ቤት ቀርቻለሁ። ጓድ ታፈሰ ይሰማል። ያባርረኝ ይሆናል፣ ከዚያም የባሰ ይሆናል፤ አላውቅም። ይስማ። ከቅጂዎቹ አራቱን አጋሮ ለሚሄድ ሾፌር ሰጥተናል። ሾፌሩ በየት በየት እንደሚያደርሳቸው አልጠየቅነውም። ከእንግዲህ እኔ ራሴ ፈርቼ ልሰብስባቸው ብል አልችልም።