ተርፎ ለታደለው ዳቦዬ ስለተደረገለት ከፍተኛ ተሳትፎ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የዜና ማዕከሉ የማኅበራዊ ገጽ ዋና አዘጋጅ፤
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ገጽዎ ተከታዮች ከቀን ወደ ቀን እንዲጨምርልዎ ከልቤ እመኛለሁ። ማን እንደሆንኩ ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ በየቀኑ የስንቱን ስም ሲያነሱና ሲጥሉ የሚውሉ ሰው ነዎት። ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ያለችው ዳቦ ቤት ባለቤት ነኝ።

ለማስታወስ ያህል፣ እኛ ሱቁን ስንዘጋ ያልተሸጠውን የዕለቱን ዳቦ ይዘን መንገዱን እንሻገርና ለአስታማሚዎች በነጻ እናድላለን። ይህን የጀመረው ባለቤቴ ነው፤ እናቱን ሲያስታምም ጦሙን ያደረበትን ጊዜ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከእናንተ ዘንድ የመጣች ጨዋ ሪፖርተር ይህንን ሰምታ፣ ጋጋሪያችንንም አስታማሚዎቹንም አነጋግራ፣ አንድ ስህተት የማይወጣለት ዜና ጻፈች፤ እሷን እግዜር ይስጣት። ከዚያ ዜናው እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። እርስዎም የሱቄን ፎቶ አጨልመው፣ በሩን በቀይ ክብ ከበው፣ «ይህ ዳቦ ቤት በሩን ከዘጋ በኋላ በተረፈው ዳቦ የሚያደርገውን ቢያውቁ ያለቅሳሉ! ዝርዝሩ የመጀመሪያው ኮሜንት ላይ» ብለው ለጠፉት።

ስለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በመጀመሪያ ስለ መጀመሪያው ኮሜንት አመሰግናለሁ። የዜናውን ሊንክ እዚያ ሊያስቀምጡ አስበው ሳለ አንድ ጫማ ነጋዴ ስለቀደመዎት፣ የዳቦዬን ጉድ ለማየት የተንጋጋው ሕዝብ ሁሉ ያገኘው የወንድ ቆዳ ጫማ ነው። የእርስዎ ሊንክ ታች ወርዶ የት እንደገባ እኔ የሱቁ ባለቤት እንኳ ፈልጌ አጣሁት። ዝርዝር ያጣ ሰው ደግሞ አርፎ አይቀመጥምና ተከታዮችዎ ዝርዝሩን ራሳቸው ፈጠሩት፤ አንዱ ዳቦውን በውኃ አርሰን መልሰን እንደምንጋግረው፣ ሌላው ሻጋታውን በቢላ ፍቀን ለማግስቱ እንደምናቀርበው ጻፈ። አንዲት እመቤት በዓይኔ በብረቱ አየሁ ብላ ምላለች፤ ገጿን ገባ ብዬ ባየው የምትኖረው ባሕር ማዶ ነው። ዓይን ይሏል ይህ ነው!

2. ስላሳረፉን አመሰግናለሁ። ጎሕ ሲቀድ ይሰለፍ የነበረው ሰው ዛሬ ማዶ ለማዶ አንገቱን ሰብሮ ያልፋል። ልጆቿን በእኛ ዳቦ ያሳደገች ጎረቤቴ እንኳ ሐኪም ዳቦ ከልክሎኛል ብላኝ ስታበቃ ከታችኛው መንገድ ገዝታ በነጠላዋ ሸፍና ስታልፍ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ከእሷ ይልቅ እኔ አፈርኩ። ከሁለቱ ምድጃዎቻችን አንዱን አጥፍተነዋል፤ ሁለተኛውም በዚሁ ከቀጠለ ወሩን አይዘልቅም። ጋጋሪያችን ሦስት ልጆች እንዳሉት ሪፖርተርዎ ጽፋው ነበር፤ ግን እሱም ያለው ሊንኩ ውስጥ ነው።

3. ያለቅሳሉ ያሉት ስለደረሰ፣ ለትንቢትዎ አመሰግናለሁ። ልጇን የምታስታምም አንዲት እናት አለች፤ ከእኛ እጅ ዳቦ ተቀብላ ሳትመርቅ የሄደችበት ቀን የለም። ባለፈው ሰሞን የሰጠኋትን ዳቦ በሁለት እጇ ይዛ መለሰችልኝ። ልጇ አልጋው ላይ ሆኖ ገጽዎን አንብቦላት ኖሯል፤ እንዳልቀየማት እየለመነች፣ ድሃ ብትሆንም የሰው ትራፊ ሻጋታ እንደማትበላ ነገረችኝ። ምንም ሳትቀምስ እንዳደረች አውቃለሁ። ቤቴ ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ እባክዎ ይህንንም ከተሳትፎው ይቁጠሩልኝ።

4. በመጨረሻም ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ በለመንዎ ጊዜ፣ በሥራ ክፍልዎ ደንብ መሠረት ተከታዮችዎን ሳያማክሩ ምንም እንደማያደርጉ ገልጸውለት፣ ይቅርታ እንጠይቅ ወይስ አንጠይቅ የሚል ድምፅ መስጫ ለጠፉ፤ ልብ ለእንጠይቅ፣ ሳቅ ለአንጠይቅ። ሳቁ አሸነፈ። ሳቁን ከተጫኑት አንዷ ወላጅ እናቴ ናቸው፤ የሱቄን ፎቶ ሲያዩ ደስ ብሏቸው ለልጃቸው ፈገግ ማለታቸው ነበር። ሲነገራቸው ስልኩን ጥለው እህል አልቀመሱም። እውነትን በድምፅ ብልጫ የሚወስን ገጽ አቋቁመዋልና ይበል እላለሁ!

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የተባለውን መልሱ ብዬ አላስቸግርዎትም። የምለምነው፣ ያልተሸጠውን ዳቦ ለአስታማሚዎች በነጻ ይሰጣሉ የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሳይቆርጡ፣ ቀይ ክብ ሳያሰምሩ፣ ጫማ ሻጭ ሳያስቀድሙ ከፎቶው ራስ ላይ እንዲያሰፍሩልኝ ብቻ ነው። ማንም ላያለቅስባት እንደሚችል አውቃለሁ፤ ለአንድ ቀን ብቻ ይቻሉት።

ላይክዎ እንዲበዛ፣ ሼርዎ እንዲሰፋ፣ የእርስዎም ስም አንድ ቀን በእርስዎ ዓይነት አዘጋጅ እጅ እንዳይወድቅ ዘወትር የምትጸልይልዎ፣

አክባሪዎ፣
የአንድ ምድጃ ዳቦ ቤት ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ አስታማሚዎቹ እምቢ ስላሉን፣ ትናንት የተረፈውን ዳቦ ጋጋሪያችን ወደ እናንተ ቢሮ ወስዶ ለእንግዳ ተቀባይዋ ሰጥቶ ነበር። እሷ እንደነገረችው ከሆነ ዳቦው ከሻይ ሰዓት አላለፈም፤ እርስዎም ሁለት አንስተዋል። ከየት መጣ፣ ማን ላከው ብሎ የጠየቀ ግን ከዜና ክፍሉ አንድ ሰው አልተገኘም። ሳያጣሩ መዋጥ የተከታዮችዎ አመል ብቻ ይመስለኝ ነበር።