በምራቴ ካርድ ላይ ስለተጻፈው የልጄ ጉዳይ

ለተከበሩ የመካንነት ሕክምና ማእከል ዋና ኃላፊ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ራስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ደጁን የሚዘጋው ረጅሙ መኪናዎም ሁሉ ደህና ይሁኑልኝ። እኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ክር በመርፌ ያለ መነጽር አስገባለሁ፣ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ፣ የእርስዎን አራት ፎቅ በሁለት እረፍት እወጣለሁ። ፊደል የለየሁት በዘበኝነቴ የሰው መታወቂያ ሳይ ነውና ይህችን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ብገድፍ ይታገሱኝ፤ እኛም ስድስት ዓመት ታግሰናል።

በቅድሚያ ምስጋና ይድረስዎ። ልጄና ምራቴ ልጅ ፈልገው ቢመጡ፣ ምራቴን ስድስት ዓመት ሙሉ ሳትሰለቹ ደሟን ቀዳችሁ፣ ሆዷን በመሣሪያ አያችሁ። ልጄን ግን አላስቸገራችሁትም። መጠበቂያ ክፍላችሁ ውስጥ ወንበሩ ሁሉ «ለእናቶች» ስለሚል፣ እሱ መኪና ማቆሚያው ጋ ቆሞ ይጠብቃታል።

ቅሬታዬ ሦስት ነው።

አንደኛ፤ በሰባተኛው ዓመት አንዲት የላቦራቶሪ ልጅ፣ እግዜር ይስጣትና፣ «ባልየውስ?» ብላ ጠየቀች። ማእከሉ ለዚህች አንዲት ቃል ስድስት ዓመት ማሰቡ ጥንቃቄውን ያሳያል።

ሁለተኛ፤ የልጄ ዘር ተመረመረ። ልጅቷ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳችኝ፦ ዘር የሚሆነው ሕዋስ እንዲያድግ መልእክት ይላክለታል፤ መልእክቱን የሚይዝ ተቀባይ በገላው ላይ አለው፤ የልጄ ተቀባዮች ስላነሱ መልእክቱ ደጅ ይቀራል፣ ዘሩም ሳይጎለምስ መንገድ ላይ ይቆማል። «ይመስለናል አባባ፣ ገና እየተጠና ነው» አለችኝ፤ በእናንተ ቤት አላውቅም የሚል ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በር ጠብቄአለሁና ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በረኛ ሲጠፋ ጎረቤት አይከሰስም።

ሦስተኛውና ዋናው፤ ለባል ካርድ ስለሌላችሁ ውጤቱን በምራቴ ካርድ ላይ ጻፋችሁት። «መካን» የሚለው ቃል በእሷ ስም ሥር ተቀምጧል፤ በጣቴ እየተከተልኩ ራሴ አንብቤዋለሁ። እህቴም አይታው «ይኸው በሐኪም ተረጋገጠ» ብላ ልጄን ሌላ አግባ ትለዋለች። ምራቴ ይህን ሰምታ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከትታለች። ስለዚህ ሻንጣው ከደጅ ሳይወጣ ያንን ቃል ሰርዙልኝ፣ ለልጄም በስሙ ካርድ አውጡለት። እሱም እንድጽፍ ፈቅዷል፤ «እሷ ስድስት ዓመት ያፈረችውን እኔ አንድ ደብዳቤ ልፈር» ብሏል።

የቀረውን ዕዳ እናንተን አላሸክምም። በዘመድ ፊት «ዘራችንስ ደህና ነው፣ መሬቱ ነው እንጂ» ያልኩት እኔው ነኝ፤ በዚያው ዘመድ ፊት ቆሜ ቃሌን እመልሳለሁ። የእህቴን አፍ መዝጋትም የእኔ ፋንታ ነው። ሟች ባለቤቴ «ወንዱንም አስመርምረው» ስትለኝ «ዝም በይ» ያልኳት አለብኝ፤ እሱን እዚያው ስደርስ እከፍላለሁ፤ ቀጠሮው እንደ እናንተ ቢራዘም ቅር አይለኝም። ሻንጣውን ደግሞ፣ ምራቴ ከፈቀደችልኝ፣ ዛሬውኑ በእጄ እፈታዋለሁ።

ደጅ መጥናት የማይሰለቸው፣ የአንድ ልጅ አባት፣ የአንዲት ምራት ባለዕዳ፣
ጡረተኛው ዘበኛ

ማሳሰቢያ፦ በዚሁ ጉዳይ ሦስት ደብዳቤ ልኬ መልስ አጥቻለሁ። ልጅቷ ማይክሮስኮፗን አንድ ቀን ቢሮዎ ብታመጣው፣ ተቀባይ ያነሰው የልጄ ዘር ብቻ እንዳልሆነ ይታይ ነበር። ከነገ ጀምሮ ልጄ «ለእናቶች» በሚለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ እኔም አጠገቡ። በረኛዎ ያስነሳናል ብለው ተስፋ እንዳያደርጉ፤ ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።