ስለ ሂዊ መርፌ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ? የመርጡለ ማርያም ብርድ እንዴት ይዟችኋል? የልጅ ልጄ ሂዊስ ጉሮሮዋን ዳግመኛ አላመማትም? እኔ አምላክ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ብርዱ ሲበረታ ነው እንጂ ሌላ ጊዜ አያስቸግረኝም። ቤቱ ዝም ብሏል። ጋዜጣም ሆነ ድርሳን ሳነብ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው፤ ጎረቤቶቼ እንግዳ የመጣልኝ ይመስላቸዋል።

በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስልክ ላይ ምንም ብልሽ «እሺ እማ» ስለምትዪ ነው። ይህን ግን ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ደጋግማችሁ አንብቡት።

አጨዳው ስላልለቀቀሽ «ሄደሽ ስሚልኝ» ባልሽኝ መሠረት ማክሰኞ ሆስፒታል ሄድኩ። ልባቸውን የሚያማቸው ልጆች ወላጆች ተሰብስበናል። የምታስረዳን ሲስተር አመተ ማርያም የምትባል ልጅ እግር ናት። ሂዊ በየወሩ የምትወጋው መርፌ አለ አይደል፤ አሁን በየሦስት ወሩ የሚሰጥ ሌላ መርፌ መጥቷል። እንደ ድሮው ልብን ይጠብቅ እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም፤ የሚጠናውም ለዚህ ነው። ግማሾቹ ልጆች አዲሱን፣ ግማሾቹ የድሮውን ይወጋሉ። የሚለየውም ዕጣ ነው እንጂ ሐኪም አይመርጥም።

ይህን ስትል ከአምበር የመጣችው የብርጓል «ዕጣ ከሆነማ የእኔ ልጅ ቀረ! እኔ ዕቁብ እንኳ ከሰው ሁሉ በኋላ ነው የሚደርሰኝ» ብላ አሳቀችን። ሲስተርም ሳቀችና፣ ይሄ ከዕቁብ ይለያል፣ አዲሱ የደረሰው ልጅ ይሻለው ወይ ይብሰው ማንም አያውቅም፣ ስለዚህ ቀረብኝ የሚል አይኖርም አለቻት። አንድ አባት ደግሞ «እንግዲያው ልጆቻችን መሞከሪያ ሊሆኑ ነዋ!» ብለው ተነሡ። አዎ፣ ሙከራ ነው አለቻቸው፤ አልሸፈነችም። መርፌው የተወጉበትን ቦታ ሊያሳብጥ ይችላል፤ እስካሁን ያልታየ ጉዳትም ሊያመጣ ይችላል። ደም ቶሎ ቶሎ ይወሰዳል። እምቢ ያለ የድሮ መርፌውን እንደ ወትሮው ያገኛል፤ ማንም ፊት አያጠቁርበትም። ገብቶ የተጸጸተም በፈለገ ቀን ይወጣል። ሂዊም ራሷ ፈቃዷን ትጠየቃለች።

በመጨረሻ ምን አለች መሰለሽ፣ የገቡት ልጆች ለምርመራ ስለሚመላለሱ የመጀመሪያውን ዓመት ከነእናታቸው እዚሁ ደብረ ማርቆስ ቢቀመጡ ይሻላል። ልጄ፣ ከዚያ በኋላ የተባለውን በደንብ አልሰማሁም። ስንወጣ እጇን ይዤ «የእኔ ልጅ እሺ ብላለች፤ ሂዊን ጻፊያት» አልኳት። «እናትየዋ መቼ ሰማች?» አለችኝ። «እኔ እናቷ አይደለሁም ወይ? ልጄ የእኔን ቃል አታጥፍም» አልኩ። «እማማ፣ የማልጽፋትም እኮ ለዚህ ነው» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። አፍሬ ወጣሁ። ያም ሆኖ መንገዴን በሰፈራችን ትምህርት ቤት በኩል አድርጌ፣ ለሂዊ ይቀርባት እንደሆነ እያየሁ ነው ቤቴ የገባሁት።

አባትሽ ሩቅ አገር ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እንዲህ ያለ ጥናት ውስጥ ገብቶ እንደነበር ታውቂያለሽ። ወረቀቱን ያነበብኩለት እኔ ነኝ፤ አንቺ ስትማሪ ከደብተርሽ በለቀምኩት ፊደል፣ አንድም መስመር ሳልዘል። ከመሞቱ በፊት አንድ ጠዋት «ትቼው አገሬ ብገባ ይቀየሙኝ ይሆን? ወረቀቱ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ለእናንተ «እስከ መጨረሻው እዚያው ልሁን አለ» ብዬ ነው የነገርኳችሁ። ለእሱ «ይቀየሙሃል» ብዬ የመለስኩለትን ለአንቺ አልመልስልሽም። ወረቀቱ ያኔም አሁንም መውጣት ይቻላል ነው የሚለው።

እንግዲህ ተመካከሩ። ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ማፈር የለም። ለሂዊ ይበጃታል ካላችሁ ኑ። ካልመሰላችሁ እዚያው ሁኑ። እናቴ ብቻዋን ናት ብለሽ ግን ልጅሽን እንዳታስወጊ።

የወሰናችሁትን ለሲስተር ደውለሽ ንገሪያት፤ ስልኳን ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ለእኔ አስቀድመሽ እንዳትደውዪ፤ ድምፄ ያሳብቅብኛል።

ሂዊን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። እመቤቴ ማርያም የሂዊን ልብ ታጽናላችሁ፤ ቤታችሁን አትርሳው።

እናትሽ