ሰብሳቢ ይሁኑልን

አንቺ ነገረኛ እህቴ፣ እንዴት ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ዛሬ ከልክ በላይ ደህና ነኝ።

ጠዋት ለጉባኤ በመጣሁበት ዩኒቨርሲቲ ትልቅ አዳራሽ ጥናቴን አቀረብኩ። ጥቁር መምህራን ስለ እኩልነት በተቋቋመ ኮሚቴ ሁሉ እየተጠሩ፣ ለራሳቸው ምርምር ጊዜ አጥተው እድገት እንደሚከለከሉ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። በእኔ የደረሰውን አልነገርኳቸውም። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ፤ አምና የእኛ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ፕሮፌሰርነቱን የነፈጉኝ "ስብሰባ አብዝተሽ ጥናት አሳነስሽ" ብለው አይደል? ያውም ራሳቸው እየጠሩኝ!

ስጨርስ የዚህ ዩኒቨርሲቲ ዲን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ መጡና እጄን ያዙ። "ይህ ግፍ መቆም አለበት። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቁመናል፤ እርስዎ ሰብሳቢ ይሁኑልን" አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ደስ ያለኝ መስሏቸው እጄን ይበልጥ ጠበቅ አደረጉት። የእኛው ዲን ይሻላል፤ ቢያንስ አያለቅስም።

ዕድሜ ልኩን "እሺ" የለመደ አንደበቴ ዛሬ አልከዳኝም። "ነጮቹን ባልደረቦችዎን ይጠይቁ፤ እነሱ እድገታቸውን ስላገኙ ጊዜ አላቸው" አልኳቸው። ፊታቸው በርበሬ መሰለ። እኔ ግን ስንት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ ወረደልኝ።

ዲኑ ግን ያልኩትን በማስታወሻቸው ጻፉና "ግሩም ሐሳብ ነው፤ ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ" ብለውኝ ሄዱ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እማማን ጉልበታቸውን፣ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ከቢሮ ለስብሰባ ከፈለጉኝ፣ አገር ለቃ ጠፍታለች በያቸው።